እማማ ፍሬን መኪናቸውን አስወለወሉ

እማማ ፍሬን የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው በውል አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላቸው ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ከተማሪው ጎን ተቀምጠው፣ በእሳቸው በኩል የተገጠመውን ትርፍ ፍሬን እየረገጡ፣ «ፍሬን! ፍሬን ነው ያልኩህ፣ ፍሪሲዮን አላልኩህም!» ሲሉ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ይደነግጥ ነበር። በዚህ ስም ፊት ለፊት የሚጠራቸው የለም። እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ይኖራሉ።

ሌላም የታወቀ ነገር አላቸው። ተሳስተው አያውቁም። ቢሳሳቱም አያምኑም ማለት ይሻላል። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሲነዱ የገዛ ግቢያቸውን በር ገጭተው፣ ወርደው በሩን ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ፣ «ይሄን በር እንዲህ አድርጎ የተከለው ማነው?» ብለው በሩን የሠራውን በያጅ አስጠርተዋል። በያጁ ምን ይበል፤ ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለላቸው።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው ዓርብ ዕለት ከምሳ በኋላ ጥቁር ሰማያዊ መኪናቸውን እየነዱ አማቻቸው ወርክሾፕ የገቡት።

አማቻቸው የመኪና ቀለም እያሳመረ የሚኖር ሰው ነው። ሰው ሁሉ ወልዋዩ ነው የሚለው። አንድ መኪና ብቻ የሚይዝ፣ የቆርቆሮ በር ያለው፣ ወለሉ ሁልጊዜ የታጠበ ወርክሾፕ አለው። መካኒኩም ቀለም ቀቢውም ጎሚስታውም የጨረሱትን መኪና እሱ ተቀብሎ ያጥባል፣ የተጫረውን ቀለም በስሱ እየፋቀ ፖሊሽ ያደርጋል፣ በመጨረሻም ቀለሙን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቀውን ሲላንት ቀብቶ ያስረክባል። ከእጁ በወጣ መኪና ላይ ሰው እያየ ጺሙን መላጨት ይችላል ይባልለት ነበር።

ይባልለት ነበር ያልነው በምክንያት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአንዲት ፋርማሲስት ጥቁር መኪና ላይ ፖሊሽ ሲያደርግ፣ ስፖንጅ የሚያሽከረክረውን ማሽን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ አቆየው። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው፤ ይህን እሱ ለሌላው ሲመክር የኖረ ሰው ነው። ማሽኑን ሲያነሳ የጣት ጥፍር የሚያህል ግራጫ ነገር አፍጥጦ አየው። ቀለሙ ተቃጥሎ ከሥር ያለው ወጥቷል። ቀለም ቀቢ ጓደኛው ኮፈኑን እንደገና ቀባለት፣ ፋርማሲስቷም ሳቅ ብላ አለፈችው፤ የወልዋዩ ሐሞት ግን በዚያው ፈሰሰ። ማሽኑን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ መደርደሪያው አናት ላይ አወጣው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁሉንም መኪና በእጁ፣ በክብ በክብ እያሸ ሲሠራ ኖረ። በእጅ ማሸት ደግሞ ትከሻ ይበላል። ዘንድሮ ትከሻው እንቢ አለ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮት ዘርግቶ አየና፣ «ወይ ይህን ክብ ክብ ነገር ታቆማለህ፣ ወይ ፀጉርህን ሌላ ሰው ያበጥርልሃል» አለው።

መፍትሔ ያመጣችው ሚስቱ ናት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተተረተረ ነገር እያየች ዝም ማለት አይሆንላትም። ወንድሟ የመኪና መለዋወጫ መደብር አለው፤ ብሎንና ፊልትሮ የሚያወጣና የሚያስገባ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል። ጥላ አለ፣ ወንበር አለ፣ ትከሻ የሚነካ ሥራ የለም። ወልዋዩ ሄዶ አይቶታል። ወንበሩ ራሱ ይሽከረከራል፤ ቁጭ ብሎ አንድ ጊዜ ዞሮበታል። ክፉ ቦታ አይደለም። ግን ብሎን ማንም ፖሊሽ አያደርገውም። ባለመደብሩ ደግሞ፣ «እስከ ዓርብ ይወስንና ይንገረኝ፤ ካልሆነ ሰኞ ሌላ ሰው አስገባለሁ» ብሏል።

«ከሚያብረቀርቅ መኪና ጤነኛ ባል ይሻለኛል» አለችው ሚስቱ። ይህንም የተናገረችው ትከሻውን እያሸችለት ነው።

የቀረው አንድ መንገድ ማሽኑ ነበር። ማሽኑን እንደገና መያዝ ከቻለ ትከሻው ያርፋል፣ ወርክሾፑም ይተርፋል። ካልቻለ ሰኞ ብሎን መቁጠር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳጥኑን ሲያወርድ፣ ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ መልሶ ሲሰቅል ሰነበተ። ሐሙስ ዕለት፣ «ሰው አምኖ በሰጠኝ መኪና ላይ እንዴት ፍርሃቴን እሞክራለሁ?» ብሎ ለሚስቱ ሲነግራት አማቱ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። የቆሸሹትን ፎጣዎቹን ብቻ፣ «ልጠብልህ፣ ትከሻህን አሳርፈው» ብለው በቅርጫት ይዘው ሄዱ። በማግስቱ መኪናቸውን ይዘው ከች አሉ።

«ሰው መንዳት የሚለምደው በአስተማሪው መኪና ነው» አሉ ገና ሳይወርዱ፣ በመስኮት። «ቢገጭም የአስተማሪው ነው። ና ተቀበለኝ።»

«እማማ፣ ይህን መኪና እኮ እንደ ዓይንዎ ብሌን ነው የሚያዩት።»

«እሱን ለኔ ተወው። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ወርደው ቁልፉን መዳፉ ላይ ቁጭ አደረጉለት። ያጠቧቸውን ፎጣዎች ከኋላ ወንበር አውርደው መደርደሪያው ላይ በሥርዓት ደረደሩ። ከዚያ ጥግ ያለችውን በርጩማ ስበው በመኪናው ፊት ለፊት ተቀመጡና ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦና የሻይ ፔርሙስ አወጡ። የመሄድ ሐሳብ የላቸውም።

ወልዋዩ መጀመሪያ አጠበ። ሲያጥብ ደህና ነበር፤ ውሃና ሳሙና ማንንም አስፈራርተው አያውቁም። አደረቀ። ኮፈኑን በመዳፉ ሲዳብሰው ምንም የሚጎረብጥ ነገር አላገኘበትም። ሴትዮዋ ሌላው ቢቀር መኪና መያዝ ያውቃሉ፤ ፖሊሽ አያስፈልገውም፣ ሲላንት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ የወረቀት ፕላስተሩን አውጥቶ ጎማውንና ፕላስቲኩን፣ የመብራቱንም ዙሪያ ሸፈነ። ይህ የሥራው ደንብ ነው። ደንቡ ካለቀ በኋላ ግን አላቆመም። የኮፈኑን ጠርዝ በሙሉ፣ ሦስት ጣት በሚያህል ስፋት፣ ዙሪያውን ለጠፈበት።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ አማቱ ዳቦአቸውን እያኘኩ።

«መከላከያ ነው፣ እማማ።»

«ከምን?»

«ከ... ከማሽኑ።»

«ታዲያ ከፕላስተሩ ሥር ያለው ቀለም መቼ ሊቀባ ነው?»

«እሱን በእጄ ነካ ነካ አደርገዋለሁ።»

«እጅህማ ታሟል። ለሱ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው የሚያበሳጨው። ደግሞም ሲላንት መቀባት ቀለም እንደ መፋቅ አይደለም። ስፖንጁ ለስላሳ ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ የሚፍቅ ነገር የለም፣ ማሽኑም የሚዞረው በመጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በዚህ ቀለም አቃጥላለሁ ማለት በላባ ድንጋይ እፈልጣለሁ እንደ ማለት ነው። ጭንቅላቱ ይህን ሁሉ ያውቃል። ጣቶቹ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ፕላስተሩን ከጠርዙ ላይ ቀስ ብሎ ላጠው፣ አድቦልቡሎ ኪሱ ከተተው።

ሳጥኑን ከፈተ። ስፖንጁ ላይ አራት ጠብታ ሲላንት ጠብ ጠብ አደረገ፤ ከዚያ ካለፈ ሲደርቅ አልነሳም ይላል። ማሽኑን ሳያስነሳ ስፖንጁን ኮፈኑ ላይ እዚህም እዚያም እያስነካ ፈሳሹን አከፋፈለው። ከዚያ ጣቱን ማስነሻው ላይ አድርጎ ቆመ። ቆመ። በጣም ቆየ።

«ምን እየጠበቁ ነው ጌታዬ፣ አረንጓዴ መብራት?» አሉ አማቱ።

ሳያስበው ሳቀ። እየሳቀ ጫነው። ማሽኑ እምም ብሎ ተነሳ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልልሶች ላይ ክንዱ እንጨት ሆኖ ነበር። አማቱ ይህን አይተው፣ «ትከሻህን ጣል» አሉ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሉት በኖሩት ድምፅ። «መሪውን አትነቀው። እሱ ራሱ ይሄዳል፣ አንተ አቅጣጫ ብቻ ስጠው።» መሪ የሚባል ነገር አልነበረም እንጂ ምክሩ ምክር ነው። ወልዋዩ ትከሻውን ጣለ። ማሽኑ በራሱ ክብደት ብቻ ተቀምጦ፣ ክንድ በክንድ በሚያህል ቦታ ውስጥ፣ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አንዱ መስመር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ሄደ። ከኋላው ፈሳሹ ስስና አንድ ወጥ ሆኖ፣ ትንፋሽ ያረፈበት መስተዋት መስሎ ቀረ። በእጁ እንዲህ እኩል አድርጎ ቀብቶ አያውቅም። ትከሻው ዝም አለ። ስንት ወር ሲያጉረመርም የከረመ ትከሻ ዝም ሲል ለባለቤቱ ዝምታው ይሰማዋል።

የኮፈኑን ግራ ግማሽ ሲጨርስ ጠርዙን አልፎት መምጣቱን እንኳ አላስተዋለም። እያንጎራጎረ ነበር፤ ምን እንደሚያንጎራጉር ቢጠየቅ አያውቀውም። ቀና ሲል አማቱ ዳቦአቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እሱን ያያሉ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ሲላንት ከተቀባ በኋላ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ሁለቱም ሻይ ቀዱ። አማቱ አደባባይ ገብቶ መውጫው ስለጠፋበት ተማሪያቸው አወሩለት። አሥራ አንድ ጊዜ ዞሯል አሉ። «ቤንዚኑ ባያልቅ ዛሬም እዚያው ነበር።»

«እርስዎስ ውጣ አላሉትም?»

«የት ድረስ እንደሚሄድ ልየው ብዬ ነዋ።»

ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ወልዋዩ ተነሳና በጣቱ ጫፍ ኮፈኑን ሰረዝ አደረገው። ጣቱ ያለፈበት ጥርት አለ። ደርቋል ማለት ነው። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ፎጣ አነሳ። አበባ አበባ ሸተተው። አላሰበበትም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከመሃል ነበር የሚጀምረው። ዛሬ ግን ፍርሃቱ ቀጥታ ወደ ጠርዙ ወሰደው። አንዴ ጠረገ። ሁለቴ ጠረገ። ፎጣውን ሲያነሳ ጠርዙ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል፣ ግራጫ ደመና ተጋድሞ አየ።

ክው አለ።

ፎጣው ከእጁ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሳውም። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀለ፣ ገመዱን በሥርዓት ጠቀለለ፣ ሳጥኑ ውስጥ አስተኝቶ ክዳኑን ከደነ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ ለሚስቱ ወንድም ደወለ።

«እኔ ነኝ። አዎ። ሰኞ እመጣለሁ... በስንት ሰዓት? እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩን ዘግቶ ጀርባውን ለመኪናው ሰጠና መንገዱን ሲያይ ቆየ። መንገዱ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ከሁሉ የቆጨው ማቃጠሉ አይደለም፤ ማንጎራጎሩ ነው። ደስ ብሎት ነበር እኮ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ አማቱ ከኋላው።

«አቃጠልኩት፣ እማማ። አስቀባልዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ምኑን?»

«ኮፈኑን። ጠርዙን።»

እማማ ፍሬን ተነሱ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ጎንበስ ብለው ከግራ አዩት፣ ከቀኝ አዩት። ከዚያ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ የአንገት ሻርፓቸውን ጫፍ ይዘው ደመናውን ፈተግ ፈተግ አደረጉት።

«ኧረ እማማ! በሻርፕ አይነካም! ይጭረዋል!» ወልዋዩ ተስፈንጥሮ ደረሰ። የዕቃ ቤት ሠራተኛ ከሆነ ገና አምስት ደቂቃው ስለሆነ የድሮ ሥራው አልለቀቀውም ነበር።

«መጮሁን ተውና እየው።»

አየ። ሻርፑ ያለፈበት ላይ ደመናው ግማሹ ጠፍቷል። የተቃጠለ ቀለም ደግሞ አይጠረግም። የተቃጠለ ቀለም የትም አይሄድም።

አማቱ የወደቀውን ፎጣ አነሱ፤ ወደ ብርሃን አድርገው አዩት፣ በጣታቸው አሹት። እንደ መርማሪ ተኮሳትረው፣ «ይሄን ፎጣ ማነው ያጠበው?» አሉ።

ወልዋዩ አመነታ። «እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

እማማ ፍሬን ፎጣውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ምን አደረጉበት?» አለ ወልዋዩ፣ ቀስ ብሎ።

«ምን አደርግበታለሁ? ሳሙና ነዋ።» ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ሳሙናና፣ ያው፣ ትንሽ ማለስለሻ። ለብርድ ልብስ የምጠቀምበት። ደርቀው ሳያቸው አሳዘኑኝ።»

ፎጣ ማለስለሻ ሲገባበት ቅባት ይይዛል። ቅባቱ ሲላንቱ ላይ ይሳብና እንደ ደመና ሆኖ ይቀራል። ይህን ወልዋዩ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በሌላ ሰው ሥራ ላይ ቢያየው በሩቁ ለይቶ ይስቅ ነበር። የራሱ እጅ የነካው ሲሆን ግን የታየው ሁለት ዓመት ሲፈራው የኖረው ነገር ብቻ ነው።

ከመሳቢያው ገና ያልተከፈተ የፎጣ ጥቅል አውጥቶ ቀደደ። አዲሱን ፎጣ ጠርዙ ላይ አሳረፈው። ጠረገ። ፎጣውን ገልብጦ ደገመ። ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ከሥር ብቅ አለ፤ ጥልቅ ሆኖ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ መስመር አንድ በአንድ የሚቆጠርበት። ጠርዙ እስከ ጫፉ ደህና ነው። በጣቱ ሄደበት፣ ተመልሶ ሄደበት። ከዚያ የተቀባውን ግማሽ ኮፈን በሙሉ ጠርጎ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር፣ ፎጣ እንደሚያራግፍ ሰው ወደ ግድግዳው ዞር አለ።

እማማ ፍሬን የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። የሚጠራ በያጅ እዚህ የለም።

«ስልኩን አምጣው» አሉ በመጨረሻ። «የዚያን ባለመደብር ልጄን ቁጥር አውጥተህ ስጠኝ።»

ደውሎ ሰጣቸው። ድምፅ ማጉያው ክፍት መሆኑን አላወቁም፤ ወልዋዩም አልነገራቸውም።

«ስማ። ሰኞ አይመጣም።»

«እማዬ? አሁን እኮ እመጣለሁ ብሎኝ...»

«አይመጣም አልኩህ። መኪናዬን ያቃጠለ መስሎት ነው። አላቃጠለም። ፎጣውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከወዲያ በኩል ምንም አልተሰማም።

«አለህ?»

«አለሁ» አለ ባለመደብሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እማዬ፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ?»

«ሂድ ወደዚያ!» አሉና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉት።

ወልዋዩ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። አማቱ መጀመሪያ ሊቆጡ ነበር፤ ከንፈራቸው ከዳቸው፤ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፍነው አብረው ተንከተከቱ። ሳቁ ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ተማሪ ሲፈራ እጮህበታለሁ» አሉ። «ስጮህበት የባሰ ይፈራል። አንዳንዱ ቁልፉን ያስቀምጥና እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ይሄዳል። ቅድም ስልክ ላይ ያወራህበትን ድምፅ አውቀዋለሁ። እንደዚያ ብለው የሄዱት አንዳቸውም አልተመለሱም።»

«እኔ እዚሁ ነኝ፣ እማማ» አለ ወልዋዩ። ሳጥኑንም ከፈተ።

ሚስቱ የወረቀት ከረጢት ይዛ ስትመጣ ፀሐይዋ ወርዳ በበሩ በኩል ትገባ ነበር። ኮፈኑ አልቆ ያብረቀርቃል፣ ጣሪያው ተቀብቶ በመድረቅ ላይ ነው። እናቷ ፎጣዎቹን አንድ በአንድ እያሸተቱ የሚታጠበውን ከማይታጠበው ይለያሉ። ባሏ ማሽኑን ይዞ የኋላው በር ላይ ደርሷል። ነገሩ ባይገባትም ከከረጢቱ ያመጣችውን አወጣች። አዲስ ጋዋን ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ኮሌታው የቆመ፣ ደረቱ ላይ አምስት የሚያብረቀርቁ የብረት ቁልፎች የተደረደሩበት።

«ለሰኞ ብዬ ነበር» አለች። «ዕቃ ቤት ስትገባ የምትለብሰው። ሦስት ቀን ሰፋሁት።»

ወልዋዩ ማሽኑን አጠፋ። ጋዋኑ መሰፋቱን አላወቀም ነበር። ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። «ስሚኝማ...» አለ፣ «እኔ...»

እሷ እየሰማችው አልነበረም። ማሽኑን የያዘውን ክንዱን ነው የምታየው፤ ክንዱ ቀለል ብሎ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ፊቱን አየች። ይህን የበራ ፊት ካየችው ሁለት ዓመት ሆኗታል። እንደናፈቃት ራሱ ያወቀችው ገና አሁን ነው።

ከእናቷ ጎን፣ ተገልብጦ በተቀመጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ጋዋኑን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትንሿን መቀሷን ከቦርሳዋ አወጣችና የመጀመሪያውን ቁልፍ ክር ቀጭ አደረገችው።

«አንቺ! ምን ማድረግሽ ነው?» አሉ እናቷ። «እንዲህ ያማረ ልብስ!»

«ብረት ነዋ» አለች ቀና ሳትል። «መኪናው ላይ ጎንበስ ሲል ቀለሙን ይጭርበታል። ፖሊሽ የሚያደርግ ሰው ቁልፍ ያለው ልብስ አይለብስም።» ሁለተኛውን ቆረጠች። «ከኋላ የሚታሰር አድርጌ እሠራለታለሁ።»

ወልዋዩ ቆሞ አያት። ሦስተኛው ቁልፍ መዳፏ ላይ ሲወድቅ ዞረና ስፖንጁ ላይ አራት ጠብታ ጠብ አድርጎ ማሽኑን አስነሳው።